ተጨማሪ መረጃ፦ የአንገት መተንፈሻ ቱቦ ሳይታሰብ ሲወጣ

ትራኪኦስቶሚ ከማንቁርት በታች በአንገት ፊት ለፊት የሚከፈት የመተንፈሻ ቀዳዳ ነው። በውስጡ ያለው ቱቦ በብርቱ ሳል፣ በላላ ማሰሪያ ወይም ታማሚው ሲገላበጥ ሊወጣ ይችላል። በ2011 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የወጣ ሰፊ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ለደረሱ ከባድ የአየር መንገድ ጉዳቶችና ሞቶች ዋነኛው ምክንያት ይኸው መሆኑን አሳይቷል።

እጅግ አስጊው የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቀዳዳው ገና ስላልጠና ቶሎ ይጠባል፤ ቱቦውን በግምት መልሶ መግፋትም ከአየር ቧንቧው ውጭ ወደ ሥጋ ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው፣ የላይኛው አየር መንገድ ክፍት ከሆነ፣ ቀዳዳውን ሸፍኖ በአፍና በአፍንጫ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት) ያስተነፍሳል። ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው ግን ይህ ፈጽሞ አይሠራም፤ የሚተነፍሰው በአንገቱ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው አሶሳና በዙሪያዋ ገጠር፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ለገባ ታማሚ ቅርብ ደራሹ አስታማሚው ነው። ታማሚው ብዙውን ጊዜ ጮኾ መጣራት አይችልም። አስታማሚው ከመውጫው ቀን በፊት በሚገባው ቋንቋ፣ በበርታም ይሁን በጉሙዝ፣ ሊሠለጥን ይገባል፦ በማሰሪያው ሥር አንድ ጣት ብቻ ማለፍ አለበት፤ ሁለት መለዋወጫ ቱቦዎች፣ አንዱ በአንገቱ ካለው ጋር እኩል ሌላው በአንድ ቁጥር ያነሰ፣ ከአልጋው አጠገብ አይለዩም።