አንድ ዶላር ከእያንዳንዱ ሰው

ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1977፣ በ18 ዓመቱ ነበር። በሕይወት የመቆየት ዕድሉ ከመቶ 50 እንደሆነ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ ቢሆን ኖሮ ግን ከመቶ 15 ብቻ ይሆን እንደነበር ተነገረው። ልዩነቱን ያመጣው ምርምር ነው፤ ምርምርም ገንዘብ ይጠይቃል።

ስለዚህ ቴሪ በኤፕሪል 12 ቀን 1980 ሰው ሠራሽ እግሩን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ነክሮ አገሩን ለማቋረጥ ወደ ምዕራብ መሮጥ ጀመረ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ እርሱ ይህን የሚያህል ርቀት በየዕለቱ ይሮጥ ነበር። በአንድ ጤነኛ እግር መሆኑን ልብ ይሏል! የካናዳ ሕዝብ ያን ጊዜ 24 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ የለመነውም ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ዶላር ነው።

በ143ኛው ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ፣ ካንሰሩ ወደ ሳንባው በመዛመቱ ሩጫውን አቋረጠ። መዋጮው ግን አልተቋረጠም፤ በፌብሩዋሪ 1981 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። ቴሪ በዚያው ዓመት በጁን ወር አረፈ። በሴፕቴምበር በስሙ የመጀመሪያው የሕዝብ ሩጫ ተካሄደ፤ በዚህ ሩጫ አሸናፊ የሚባል የለም።