የቅዱስ ፓትሪክ ቀን፦ ምርኮኛው የተመለሰበት አገር በዓል



በየዓመቱ መጋቢት 8 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 17፣ የአየርላንድ ሕዝብ የቅዱስ ፓትሪክን ቀን ያከብራል። ብዙዎቻችን የምናውቀው አረንጓዴ ልብስ፣ ሰልፍና መጠጥ የሚበዛበት ቀን መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ የበዓሉ መነሻ የአንድ ምርኮኛ ታሪክ ስለሆነ ለምእመናንም ሆነ ለፕሮጀክት ሠራተኞች የሚጠቅም ትምህርት አለው።

ፓትሪክ የአየርላንድ ተወላጅ አልነበረም። በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ በብሪታንያ ከዲያቆን አባት የተወለደ ሰው ነው። ዕድሜው 16 ዓመት ገደማ ሲሆን ወንበዴዎች ማርከው ወደ አየርላንድ ወሰዱት። በዚያም ስድስት ዓመት በባርነት መንጋ ጠበቀ። በብርድና በዝናብ ሌትና ቀን መጸለይን የተማረው በዚያ ወራት ነበር። በመጨረሻም አምልጦ፣ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ መርከብ አገኘ፤ ከብዙ መከራ በኋላም ከወላጆቹ ጋር ተገናኘ። ሆኖም የአየርላንድ ሰዎች ሲጠሩት በሕልሙ ስለ ሰማ፣ ባሪያ ወዳደረገው አገር ወንጌልን ይዞ ተመለሰ።

ይህን የምናውቀው እርሱ ራሱ በላቲን ከጻፋቸውና እስከ ዛሬ ከቆዩት ሁለት ጽሑፎች ነው። አንደኛው ስለ ሕይወቱ የሰጠው ምስክርነት ነው። ሁለተኛው ለኮሮቲከስ ወታደሮች የተላከ ተግሣጽ ነው። እነዚህ ወታደሮች ገና በተጠመቁ ክርስቲያኖች ላይ ወድቀው አንዳንዶቹን ገደሉ፣ ሌሎቹን ለባርነት ሸጡ። ፓትሪክ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ መልእክት ቢልክ ተሳቀበት። እርሱ ግን ዝም አላለም፤ የባርነትን ቀንበር ቀምሶታልና በግልጽ ገሠጻቸው።

በዕለቱ ሰዎች ማገጥ የሚመስል ባለ ሦስት ቅጠል ተክል በደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ፓትሪክ በዚህ ቅጠል ምሥጢረ ሥላሴን አስተማረ ይባላል፤ ነገር ግን ታሪኩ በጽሑፍ የተገኘው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። እባቦችን ከአገሪቱ አባረረ የሚባለውም አፈ ታሪክ ነው፤ ከበረዶ ዘመን ወዲህ በአየርላንድ እባብ አልነበረም።

ቀኑ በአየርላንድ የሕዝብ በዓል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። እስከ 1960 ገደማ ድረስ በነጻይቱ አየርላንድ መጠጥ ቤቶች በዚያ ቀን በሕግ ይዘጉ እንደ ነበር ብዙዎች አያውቁም። ሰልፉ ግን ያደገው በስደተኞች እጅ ነው፤ የኒውዮርኩ ሰልፍ የተጀመረው በ1762 ነው። ከ1845 እስከ 1852 የድንች በሽታ ባስከተለው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሲሞቱ ከዚያ የማያንሱ ተሰደዱ፤ በዓሉም በሄዱበት ሁሉ አብሯቸው ሄደ።

በዚያ ረሃብ ጊዜ፣ በ1847፣ ከርስታቸው ተነቅለው ብዙ ወገኖቻቸውን በመንገድ የቀበሩት የአሜሪካ ቾክታው ሕዝብ ከድህነታቸው 170 ዶላር ያህል አዋጥተው ለተራቡት ላኩ። አየርላንዳውያን ይህን አልረሱም፤ በ2017 በኮርክ አውራጃ በሚድልተን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት መረቁላቸው። ለእኛም አገር የአየርላንድ እጅ እንግዳ አይደለም። በ1968 በቢያፍራ ረሃብ ምክንያት የተመሠረተው ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ ድርጅት፣ የወሎ ረሃብ በበረታበት በ1973 ኢትዮጵያ ገብቶ ሥራ ጀምሯል።

እንግዲህ ወገኖች፣ ይህን ቀን ማክበር የሚወድ ጉባኤ አረንጓዴ ጨርቅ መፈለግ የለበትም። የፓትሪክን ምስክርነት በአንድነት ያንብብ፤ ዛሬም ተታለው ባሕር ተሻግረው በግዞት ስለሚሠሩ ልጆቻችን ይጸልይ፤ የተረፈ ባይኖረውም ካለው ላይ ያካፍል። የተራበውን ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ተርቦ የነበረ ነው፤ ስለ ምርኮኛም አብልጦ ሊናገር የሚገባው የተፈታ ሰው ነው።