መዝሙር የሸመደደ ሁሉ ቋንቋ አልለመደም

ተረት፦ ለሕፃን የስፓኒሽ መዝሙሮችን በቪዲዮ ደጋግሞ ማሰማት ቋንቋውን ለማስተማር ይበቃል።

እውነታ፦ እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ዜማ ቃላትን በቀላሉ ያስይዛል፣ ቤት መምታቱም ልጁ የንግግር ድምፆችን ለይቶ እንዲያዳምጥ ይረዳዋል፣ ይህም ችሎታ ኋላ ለንባብ ይጠቅመዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው የቪዲዮ ሻጮች ይህን እውነት ያለ ኀፍረት ለጥጠው ስክሪኑን አስተማሪ ሲያደርጉት ነው፤ ወላጅም አምኗቸው ከልጁ ጋር ሊያወራ የሚችልበትን ሰዓት ለስክሪኑ ይለቃል፣ ልጁ መዝሙሩን ሲወጣውም ቋንቋውን ያወቀ ይመስለዋል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ማንዳሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎች ለ12 ጊዜ ፊት ለፊት ያነበቡላቸውና ያጫወቷቸው የ9 ወር ሕፃናት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ሲችሉ፣ ያው በቪዲዮ ወይም በድምፅ ቅጂ የቀረበላቸው ግን አልተማሩም። ጥናቱ የጨቅላዎችን ድምፅ የመለየት ችሎታ የሚመለከት በመሆኑ ለ4 ዓመት ልጅ እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም፤ የሰው ለሰው ግንኙነትን ዋጋ ግን በግልጽ ያሳያል።

በላቲን አሜሪካ በስፋት የሚዘመረው የጫጩቶች መዝሙር «ሎስ ፖዪቶስ» ነገሩን ያብራራል። መዝሙሩ ጫጩቶቹ ሲርባቸውና ሲበርዳቸው ስለሚሆነው የሚተርክ በመሆኑ፣ በቃሉ የያዘው ልጅ የእነርሱን ረሃብ ይዘምራል እንጂ የራሱን የሚናገርበትን «ቴንጎ አምብሬ» (ርቦኛል) ከዚያ አያገኝም። አንዲት መምህርት እየዘመረች ሆዷን ስታሻሽ፣ እጆቿን አጣጥፋ ስትንቀጠቀጥ፣ በመክሰስ ሰዓትም እያንዳንዱን ልጅ «ቲየኔስ አምብሬ?» (ርቦሃል?) ብላ ጠይቃ መልሱን ስትጠብቅ ግን የመዝሙሩ ቃል የልጁ ንግግር ወደ መሆን ይሻገራል።

ተረት፦ ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል።

እውነታ፦ ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መቀላቀል የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች የተለመደ ጠባይ እንጂ የመደናገር ምልክት አይደለም፤ ልጁ በአንዱ ቋንቋ የሚያውቃቸው ቃላት ቢያንሱም የሁለቱ ድምር አብዛኛውን ጊዜ ከእኩዮቹ አያንስም።

ተረት፦ ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ የተተረጎመ መዝሙርም እኩል ያገለግላል።

እውነታ፦ በስፓኒሽ ጎልቶ የሚነገረው የቃል ክፍል (ቀለም) ትርጉም ይለያል፤ በላቲን አሜሪካ «ፓፓ» የመጀመሪያው ቀለም ሲጎላ ድንች፣ የመጨረሻው ሲጎላ አባባ ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ ቃላት የተቀመረ ዜማ ይህን ጉልህ ድምፅ ያለ ቦታው ሊያሳርፈው ስለሚችል፣ በስፓኒሽ የተገጠሙትን ማስቀደም፣ የተተረጎመውንም ከመዘመር በፊት ያለ ዜማ እያነበቡ ማስለመድ ይበጃል።