ጠጠርና ቆርኪ ለእንግሊዝኛ ትምህርት

በአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ የሚያልፍ አርሶ አደር ከክፍሉ ውስጥ የልጆች ሳቅና ጫጫታ ቢሰማ «መምህሩ የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም። በመስኮት ብቅ ብሎ ሲያይ ግን መምህሩ በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረ ነው። ልጆቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ በእጁ ጨብጦ የያዘውን ነገር ሌላው በእንግሊዝኛ እየጠየቀ ለማወቅ ይታገላል። ይህን ያየ ወላጅ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ «ልጄን ከከብት ጥበቃ ያስቀረሁት ሊጫወት ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልስ የሚጠበቀው ከመምህሩ ብቻ አይደለም። በወላጆችና መምህራን ኅብረት ውስጥ የተቀመጠው የገበሬ ማኅበር መሪም ይጠየቃል። ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት በመዋሉ ቤተሰቡ የሚያጣው ጉልበት አለና።

መልሱን ከሂሳብ እንጀምር። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ፣ የክፍሉም ተማሪ 60 ነው እንበል። መምህሩ ራሱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተማሪዎቹን በየተራ ቢያናግር እንኳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው። ግማሹን ጊዜ ካስረዳበት ደግሞ ወደ 20 ሴኮንድ ይወርዳል። በዚህ ላይ እጃቸውን ቀድመው የሚያወጡት ጥቂት ደፋር ልጆች ስለሚሆኑ፣ ከኋላ የተቀመጡት፣ በተለይም ዓይነ አፋር የሆኑት ልጃገረዶች፣ ሳምንቱን ሙሉ አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ከአፋቸው ሳይወጣ ሊያልፍ ይችላል። እነዚሁ 60 ልጆች ጥንድ ሆነው ለ10 ደቂቃ ቢጫወቱ ግን በአንድ ጊዜ 30 ልጆች ይናገራሉ፤ ለእያንዳንዱም 5 ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል። እርፍ ሳይጨብጥ ማረስ የለመደ እንደሌለ ሁሉ፣ ሳይናገርም ቋንቋ የለመደ የለም።

ነገሩ ለገጠር ልጅ ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ቀደም ሲል እንግሊዝኛ የሚጀመረው ከ3ኛ ክፍል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይጠብቁታል። በአርሶ አደሩ መንደር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህ ቋንቋ የሚነገርበት ቦታ ክፍሉ ብቻ ነው። እዚያ ያልተናገረ ልጅ ሌላ የሚናገርበት የለውም።

ጨዋታው ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ አያስፈልገውም። ለምሳሌ ያህል ሰኞ ማክሰኞን እንውሰድ። ልጆቻችን መሬት ላይ ቤት ሠምረው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውረው፣ በአንድ እግር ሲዘሉ የሚውሉበት ጨዋታ ነው። መምህሩ ሰባት ቤት ያሠምርና በየቤቱ አንዳንድ ቀን ይሰጣል። ልጁ እየዘለለ «መንደይ፣ ቲዩዝደይ፣ ዌንስደይ» ይላል፤ ቀን የዘለለ ወይም ያሳሳተ ተራውን ይለቃል። ዳር ቆመው ተራቸውን የሚጠብቁትም ስሕተቱን ለመያዝ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ገበጣም ቢሆን ጠጠሩን በየጉድጓዱ ሲያድሉ በእንግሊዝኛ እየቆጠሩ ከተጫወቱት ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ጥሩ የቁጥር ትምህርት ይወጣዋል።

ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ጸሐፊ የሚጥመው ግን እንቆቅልሽን የሚመስለው ነው። አንዱ ልጅ ባቄላ፣ ቁልፍ ወይም እርሳስ ጨብጦ ይደብቃል። ሌላው «ኢዝ ኢት ኤ ስቶን?» ይለዋል። «ኖ፣ ኢት ኢዝንት» ይላል ባለዕቃው። እንዲህ እያለ እስኪደርስበት ይቀጥላል፤ ካቃተው እንደ አገሩ ወግ አገር ይሰጣል። ልብ ማለት የሚገባው ልጁ አንዱኑ ዐረፍተ ነገር ሃያ ጊዜ መናገሩን ነው። ከሰሌዳ ሃያ ጊዜ ገልብጥ ቢባል ይሰለቻል፤ እዚህ ግን የሚናገረው የተደበቀውን ለማወቅ ስለጓጓ ነው።

ቁጥር ለማስለመድ ቢንጎም አለ። እያንዳንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ ዘጠኝ ቤት ሠምሮ የመረጣቸውን ቁጥሮች ይጽፋል። መምህሩ ቁጥር በጠራ ቍጥር የበቆሎ ፍሬ ወይም ቆርኪ ያኖርበታል።

ይሁን እንጂ ሳቅ የተሰማበት ክፍል ሁሉ ትምህርት ያለበት ነው ማለት አይደለም። «ሳይመን ሰይስ» የሚባለው በብዙ አገር የታወቀ ጨዋታ ለዚህ ምስክር ነው። መምህሩ «ሳይመን ሰይስ ስታንድ አፕ» ሲል ልጆቹ ይነሣሉ፤ «ሳይመን ሰይስ» ሳይል «ሲት ዳውን» ቢል ግን የተቀመጠ ከጨዋታው ይወጣል። ጆሮን ያሠለጥናል፤ አፍን ግን አያፍታታም። ከዚያም በላይ ቀድሞ የሚወጣው ቋንቋው ያልገባው ልጅ ስለሆነ፣ ልምምዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው እርሱ ቁጭ ብሎ ተመልካች ይሆናል። የተሳሳተውን ከማስወጣት ነጥብ ቀንሶ ማስቀጠል ይሻላል። እንደዚሁም ጨዋታው ከሳምንቱ ትምህርት ጋር ካልተያያዘ፣ ልጆቹም መሐሉ ላይ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተመለሱ፣ የወላጁ ቅሬታ እውነት ሆነ ማለት ነው። ከጨዋታው በኋላ ልጆቹ የተናገሩትን ደብተራቸው ላይ መጻፍ ይኖርባቸዋል። ማንበብና መጻፍን ጨዋታ አይተካቸውም።

እንግዲህ የገበሬ ማኅበር መሪ እንግሊዝኛ ባይችልም ሊሠራው የሚችለው ነገር አለ። በገበያ ቀን ከየሻይ ቤቱ ቆርኪ፣ ከሱቆችም ባዶ የሳሙና ካርቶን ቢያሰባስብ መምህሩ ለሥዕልና ለቃል ካርድ ይጠቀምበታል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ጥላ ባለው ዛፍ ሥር መሬቱን በአንድ ቀን የኅብረት ሥራ መደልደል ይቻላል። የአዝመራ ወራትም መታሰብ አለበት። ለአጨዳ ሁለት ሳምንት የቀረ ልጅ ሲመለስ መጽሐፉ ጥሎት ሄዷል፤ ከጎበዝ ጓደኛው ጋር ተጣምሮ ሲጫወት ግን ያመለጠውን ከእርሱ አፍ ሊለቅም ይችላል። ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር መምህሩን መጠየቅ የኅብረቱ አባላት ድርሻ ነው።

በስብሰባው ላይ የተነሣውንም ወላጅ መሪው አብሮት ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞት ይሂድ። ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ስንት ጊዜ እንደተናገረ በጠጠር ይቍጠሩ።