ኤሊና፦ የባሕር ዳርቻዋ ቢጫ ጽጌረዳ

እንቡጧ ገና ሳይፈታ ጥርት ያለ የሎሚ ቢጫ ነው። ሲከፈት ጠርዙ ነጣ ነጣ ይላል። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ የውጪው የአበባ ቅጠል የወተት ስልባቦት ይመስላል፤ ልቡ ላይ ብቻ ቅቤ የነካው የሚመስል ቢጫ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ስትፈካ ስፋቷ ከሰው መዳፍ አያንስም። ፀሐይ ሲከር ቶሎ ትነጣለች፤ ደመናማና ቀዝቃዛ ቀን ግን ቢጫዋን ያቆይላታል። ስሟ ኤሊና ነው።

ኤሊና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የበቃች የሰሜን አየርላንድ ጽጌረዳ ናት። ያዳቀላት የዲክሰን ቤተሰብ ከ1836 ጀምሮ በችግኝ ሥራ የኖረ ሲሆን፣ መናገሻው የኒውታውናርድስ ከተማ ነው። ከተማዋ የባሕር ውኃ ወደ የብስ ገብቶ የፈጠረው ስትራንግፎርድ ሎክ በሚያልቅበት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ጽጌረዳዋ በመጀመሪያ የተሸጠችው «ፖዱስ» በሚል ስም ነበር፤ በፈረንሳይኛ «ለስላሳ ቆዳ» ማለት ሲሆን የአንድ የሕፃናት ዳይፐር የንግድ ስም ነበር። ኤሊና የተባለችው በኋላ ነው። በ1987 ጥብቅ በሆነው የጀርመን የጽጌረዳ ፈተና አልፋ ኤዲኤር የተባለውን ማዕረግ አገኘች። በ2006 ደግሞ የዓለም ጽጌረዳ ማኅበራት ፌዴሬሽን በክብር መዝገቡ አሰፈራት።

ማዕረጎቹ ምን ያህል እንደሚከብዱ ለመረዳት ወደ ዘሯ መመለስ ያስፈልጋል።

ኤሊና «ሃይብሪድ ቲ» ከሚባለው ወገን ናት። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ አበባ፣ ሾጠጥ ያለ እንቡጥ፣ ወቅቱን ሙሉ ተደጋግሞ የሚመጣ አበባ የዚህ ወገን መለያ ነው። የመጀመሪያዋ በ1867 በሊዮን ከተማ ጊዮ የተባለው ችግኝ አፍይ ያወጣት «ላ ፍራንስ» እንደሆነች ይነገራል። እሷም ተከታዮቿም ሮዝ፣ ቀይ ወይም ነጭ ነበሩ፤ ደማቅ ቢጫ ግን በዚህ ወገን ውስጥ አልነበረም። ክፍተቱን የሞላው እዚያው ሊዮን ይሠራ የነበረው ዦዜፍ ፔርኔ-ዱሼ ነው። ደረቅ በጋ ካለው የምዕራብ እስያ ምድር የመጣውንና «የፋርስ ቢጫ» የሚባለውን ጽጌረዳ ከአትክልት ስፍራ ዝርያዎች ጋር ለዓመታት ሲያዳቅል ቆይቶ፣ በ1900 «ሶሌይ ዶር» የተባለችውን አወጣ። ትርጉሟ የወርቅ ፀሐይ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተገደለው ልጁ ለክሎዲዩስ መታሰቢያ አንዲት ቢጫ ጽጌረዳ ሰየመ።

ቢጫው ግን ብቻውን አልመጣም። የፋርሱ ጽጌረዳ ቅጠል ለጥቁር ነጥብ በሽታ እጅግ የተጋለጠ ነበር፤ ይህንንም ድክመት ለልጅ ልጆቹ አወረሰ። የበሽታው ምክንያት በእርጥበት የሚኖር ፈንገስ ነው። ዘሩ በዝናብ ጠብታ እየተፈናጠረ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ቅጠሉ ለሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየ ሰርጎ ይገባል። ከዚያ ጠርዙ የተንጨፈረረ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ቅጠሉም ይረግፋል። በደረቅ አገር ይህ ብዙም ጉዳት የለውም። ማለዳ ጤዛ፣ ከሰዓት ካፊያ በሚፈራረቅበት የአየርላንድ ባሕር ዳርቻ ግን አንድ ቢጫ ጽጌረዳ በነሐሴ ቅጠሏን ጨርሳ እርቃኗን ልትቆም ትችላለች።

የኤሊና ትልቅነት እዚህ ላይ ነው፤ ቢጫውን ይዛ በሽታውን በብዛት የምትቋቋም ጽጌረዳ ሆና ተገኘች። ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ነው። እንዲህ ያለ ዕፅ በአጋጣሚ አይገኝም። አዳቃዩ እናት የምትሆነውን አበባ ከመፈካቷ በፊት የአበባ ቅጠሏን ገፎ፣ ወንዴ አካላቷን በመቆንጠጫ ነቅሎ ያወጣል። ከዚያ ከአባትየው የሰበሰበውን ብናኝ በብሩሽ ይቀባታል። ፍሬው ሲበስል ዘሩ በቅዝቃዜ ቆይቶ ይዘራል፤ ከሚበቅሉት ሺህዎች መካከል ለገበያ የሚደርሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከብሩሹ እስከ ገበያው ስምንትና አሥር ዓመት ይፈጃል።

ጥሩ ዘር መያዝ ግን የመንገዱ ግማሽ ነው። ከስትራንግፎርድ ሎክ ዳር ባለች፣ ስፋቷ ከአንድ ሳሎን በማይበልጥ ጓሮ ውስጥ አትክልተኛው ሦስት ነገር ይጠብቀዋል፦ ነፋስ፣ ጨው እና አሸዋ።

ነፋስን በግንብ አጥር ለማገድ መሞከር የተለመደ ስህተት ነው። ነፋሱ ግንቡን ተሻግሮ በወዲያኛው በኩል እየተሽከረከረ ይወርድና ዘንጉን ይሰብራል። የሚሻለው ግማሹን ነፋስ አሳልፎ ግማሹን የሚይዝ የቁጥቋጦ ወይም የእንጨት ርብራብ አጥር ነው። ጨው ደግሞ ከማዕበል በኋላ ቅጠል ላይ ደርቆ ከውስጥ ውኃ ይስባል፤ የቅጠሉ ጠርዝ ድርቅ የመታው ይመስል ቡናማ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነፋሱ እንደቆመ ዕፅዋቱን በንጹሕ ውኃ ማጠብ። የሚታጠበውም በማለዳ ነው፤ አመሻሽ ላይ ከታጠበ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ያድርና ለፈንገሱ ይመቸዋል።

አሸዋማ አፈር ውኃና ማዳበሪያን አይዝም። ስለዚህ ጉድጓዱ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈርና አፈሩ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ይደባለቃል። ባዶ ሥሩን የሚሸጥ ችግኝ ከኅዳር እስከ የካቲት ይተከላል። ችግኙ ሁለት ዕፅ ነው፤ ከታች የዱር ጽጌረዳ ሥር፣ ከላይ በእሱ ላይ ዓይኗ (ቅርንጫፍ የምታወጣበት ቡቃያ) የተለጠፈ ኤሊና። የሚገናኙበት እብጠት ከአፈር በታች 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲገባ ዕፅዋ ነፋስ አያወዛውዛትም። በየጸደዩ ግርጌዋ ላይ ኮምፖስት ይጎዘጎዛል። ጉዝጓዙ እርጥበት ይይዛል፤ ከአምና ቅጠል ጋር መሬት ላይ የቀረው የፈንገስ ዘርም በዝናብ ተፈናጥሮ እንዳይመለስ ይከልለዋል።

መግረዝ ባሕር ዳር ላይ ሁለት ጊዜ ነው። ኅዳር ላይ የዕፅዋ ቁመት ሲሶው ይቆረጣል። ይህ ካልተደረገ የቀዝቃዛው ወራት ነፋስ ረጅሙን ዘንግ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው ግንዱ ሥር ቀዳዳ ይከፈታል፤ ውኃ ይሞላውና ሥሩን ያበሰብሰዋል። ዋናው የመግረዝ ሥራ የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። የሞተውና የተሻገረው ይወገዳል፤ የቀረው ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ትቶ ይቆረጣል። ዕፅዋ መሐሏ ክፍት እንደ ጽዋ ስትሆን ነፋሱ ራሱ ባለውለታ ይሆናል፤ ቅጠሉን ቶሎ ያደርቅላታል።

ኤሊና የማታመልጠው አንድ ችግር አለ። ብዙ የአበባ ቅጠል ያለው ትልቅ አበባ ሲፈታ ዝናብ ይመታውና በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ የውጪዎቹ ቅጠሎች እንደ እርጥብ ወረቀት ይጣበቃሉ። እንቡጡ ታፍኖ ከውስጥ ይበሰብሳል። ቀድሞ የደረሰ አትክልተኛ የተጣበቀውን አንድ ቅጠል በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ይልጠዋል፤ ውስጡ ንጹሕ ከሆነ አበባው ከቀትር በኋላ ይፈታል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ቤተሰብ ባዕድ አይደለም። በየደጋው አጥር ላይ የሚሳበው ቀጋ የኤሊና የዱር ዘመድ ነው፤ አምስት የአበባ ቅጠል ያለው ነጭ ወይም ስልባቦት መሰል አበባ ያወጣል፣ ቀይ ፍሬውን እረኞች ይበሉታል። በሆለታና በዝዋይ የአበባ እርሻዎች የሚመረተው ባለ ረጅም ዘንግ ጽጌረዳም ከሃይብሪድ ቲ የተወለደ ነው። እዚያ ዕፅዋቱ በፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ስለሚኖሩ ዝናብ አይነካቸውም፤ ጥቁር ነጥብም ዋና ጠላታቸው አይደለም። በፈንታው ሠራተኞቹ የሚጠባበቁት ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን ነጭ ሻጋታ ነው።

ኤሊና ከሰኔ ጀምሮ ታብባለች። የጠወለገው አበባ ጠንካራ ቅጠል እስካለበት ድረስ ከተቆረጠ ከስድስትና ሰባት ሳምንት በኋላ ሌላ ይተካል። የመጨረሻው ዙር ጥቅምት ላይ ይደርሳል። ያኔ ቀኑ አጥሯል፣ ፀሐዩም ደክሟል፤ በሐምሌ በሁለት ቀን የሚነጣው አበባ የሎሚ ቢጫውን እንደያዘ ሳምንት ይቆያል። ማዕበል ሊመጣ መሆኑ በተነገረ ማግስት አትክልተኛው በማለዳ መቀሱን ይዞ ይወጣል። የተከፈቱትን ሁለትና ሦስት አበቦች ከነዘንጋቸው ቆርጦ ወደ ቤት ያስገባል፤ ከዚያ ተመልሶ ዕፅዋን ሲሶዋን ያሳጥራታል።