የቋንቋ ዲግሪ፦ የሚባለውና እውነቱ

እንግሊዝኛ ዲፓርትመንት የገባ ተማሪ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ የሚጠብቀው ነገር ይታወቃል። አንዱ የሥራ ማመልከቻውን እንዲያርምለት ያቀርብለታል፤ ሌላው «እንግሊዝኛማ ፊልም እያዩም ይለመዳል፤ ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ያደርጋል?» ይለዋል።

ሁለቱም የሚያስቡት የዲፓርትመንቱ ሥራ «ትክክለኛውን እንግሊዝኛ» ማስተማር እንደሆነ ነው። የንባብና የጽሑፍ ኮርሶች መኖራቸው እውነት ነው። የትምህርቱ እምብርት ግን ሌላ ነው፦ ሰው በእርግጥ እንዴት ይናገራል? አነጋገሩስ ለምን ይለያያል?

አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊልያም ላቦቭ እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ላቦቭ ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት መደብሮች ገባ፦ ባለጸጎች የሚገበዩበት ሳክስ፣ መካከለኛው ሜሲስ፣ ርካሹ ኤስ ክላይን። አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቀውን ዕቃ «የት ነው?» ብሎ ሠራተኞቹን ይጠይቃል። «ፎርዝ ፍሎር» ይሉታል። እንዳልሰማ ሆኖ ሲያስደግማቸው ረገጥ አድርገው ይመልሱለታል። ከዚያ ዘወር ብሎ «ር»ን ጠርተዋት ወይስ ውጠዋት እንደሆነ ይመዘግባል። በዚህ መንገድ 264 ሰዎችን አዳመጠ። ሳክስ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንዳንዴ ሲጠሯት፣ ኤስ ክላይን ውስጥ የጠሯት ግን ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። የሚገርመው ለንደን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ «ር»ን መዋጥ የተከበረ አነጋገር ነው። ክብሩ ከድምፁ ሳይሆን ከተናጋሪው የኑሮ ደረጃ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህን መመርመር የዚህ ትምህርት ዋና ሥራ ነው፤ ፊልም በማየት አይገኝም።

«የውጭ ቋንቋ በልጅነት ካልተጀመረ አይሆንም» የሚለውም ብዙ ሰው አስቀርቷል። በብሪታንያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዓረብኛን፣ ቻይንኛንና ፖርቱጋልኛን ከፊደል ጀምረው ያስተምራሉ። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛም ለጎልማሶች የሚመድበው የክፍል ሰዓት የታወቀ ነው፦ ለአማርኛ 1,100 ገደማ፣ ለዓረብኛና ለቻይንኛ 2,200። ስሌቱ የተሠራው ግን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። ዓረብኛና አማርኛ ሁለቱም ሴማዊ በመሆናቸው ለአማርኛ ተናጋሪ የዓረብኛው መንገድ ያን ያህል ባዕድ አይሆንበትም።

በሌላ በኩል ክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻውን ይበቃል ማለትም ስህተት ነው። የብሪታንያ የዘመናዊ ቋንቋዎች ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት የሚፈጀው፣ ተማሪው አንዱን ዓመት ቋንቋው በሚነገርበት አገር እየተማረ ወይም እየሠራ ስለሚያሳልፍ ነው። ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛ ያጠናችው ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ያን ዓመት ፓሪስ አሳልፋለች፤ ከተመረቀች በኋላም ለንደን በሚገኘው የአምነስቲ ኢንተርናሽናል ዋና ጽሕፈት ቤት፣ በአፍሪካ የምርምር ክፍል ሠርታለች። የቋንቋ ምሩቅ ዕጣው መምህርነት ብቻ ነው ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ነው።

ከሁሉ ጉዳት የሚያደርሰው ግን «ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ አስተርጓሚ ነው» የሚለው እምነት ነው። በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ያውቁታል፤ ሐኪሙ የሚናገረውን ለእናቱ የሚያስረዳት የአሥር ዓመቱ ልጅ ነው። ልጁ እንግሊዝኛውን ያቀላጥፈዋል፤ የመድኃኒቱን መጠን ሲሳሳት ግን የሚያርመው የለም፣ ከባድ የምርመራ ውጤት ሲሆን ደግሞ ደንግጦ ይሸሽገዋል። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ ልጆችን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ በሕግ ተከልክለዋል፤ ብቁ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።