«ተመለስ»

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ንባብ የሚያስተምሩ የኔታ በቀን ደጋግመው የሚሏት ቃል አለች፤ «ተመለስ»። ልጁ በቀርቀሃ ስንጥር ፊደሉን እየነካ ያነባል። የመስመሩ መጨረሻ ሲታየው መጣደፍ ይጀምራል፤ ድምፁም ያሳብቅበታል። የኔታ መጽሐፉን አያዩም፤ በቃላቸው ነው የሚከተሉት። «ተመለስ።»

መልእክተ ዮሐንስ ነው የሚነበበው። ፊደል የለየ ተማሪ ከእሱ ጀምሮ፣ ወንጌለ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ይደርሳል። ያንኑ ገጽ ግን አንዴ አንብቦ አይገላገለውም፤ መጀመሪያ ፊደሉን ይቆጥራል፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይመለስበታል። ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የአነባበብ ዓይነቶች ጆሮው የሚለየው በዚህ ምልልስ ነው።

አንድ ረፋድ ልጁ «መሐረ» የሚለውን ቃል ሳይቆም አለፈው። በጆሮ ከ«መሀረ» አይለይም። በግእዝ ግን በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ይቅር አለ፣ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ አስተማረ ማለት ነው። የኔታ ስንጥሩን ተቀብለው ፊደሏ ላይ አሳረፉትና ዝም አሉ። ልጁ ቆይቶ «ይቅር አለ» አለ። ንባቡም ከዚያው ቀጠለ።

የአዊ ልጅ ቤቱ የሚያወራው አዊኛ ነው፤ አንደኛ ደረጃም የሚማረው በዚሁ ቋንቋ፣ በዚሁ ፊደል ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይመጣል። ፊደሉ ስለማይቸግረው ግእዙን እንደ ውሃ ያወርደዋል፤ የቃሉ ፍቺ ግን ገና ወደ ኋላ ቀርቷል። በዚህ ጸሐፊ እምነት የኔታ የሚታገሉት ከስሕተቱ ይልቅ ከዚህ ቅልጥፍና ጋር ነው።

አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የዝግታ ንባብ ፍሬ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ አቡ ሩሚ የሚባሉ የጎጃም ሰው ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳይ ቆንስላው ሰው ከአሰላን ደ ሸርቪል ጋር ተቀመጡ። ማክሰኞና ቅዳሜ በሩ ለእንግዳ ይዘጋል። ሁለቱ የዓረብኛውን መጽሐፍ እያንዳንዱን ቁጥር በዝግታ ያነቡታል፤ ዓረብኛው ሲከብድ ፈረንሳዊው ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን ወይም የሰባ ሊቃናቱን ትርጉም አይቶ ያብራራል፤ ከዚያ በኋላ ነው አቡ ሩሚ በአማርኛ የሚጽፉት። አሥር ዓመት ፈጀ። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበር። በ1820 እ.ኤ.አ. ዊልያም ጆዌት ገዝቶ ወደ እንግሊዝ ላከው፤ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። አቡ ሩሚ ግን አንድም የታተመ ገጽ ሳያዩ አርፈዋል።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአሥር ዓመት! ዛሬ በስልክ መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ በየቀኑ ይህን ያህል ምዕራፍ የሚቆርጥ ሰው ይህን ቢሰማ መልካም ነው። ዳንግላ ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንድ ዲያቆን በአንድ ጉባኤ ከአንድ ቁጥር አያልፉም። ወጣቶቹ በየተራ ያነቡታል፤ ቀጥሎ ነጠላ ትርጓሜው፣ ከዚያ «አንድም» እየተባለ ሌላው ፍቺ ይመጣል። መጀመሪያ የሚሰለቹት ወጣቶች፣ «አንድም» ሲመጣ ወንበራቸውን ወደ ፊት ይስባሉ።

እንጅባራ ሲመሽ መጻሕፍቱ ይታጠፋሉ። ተራው የቃል ትምህርት ነው፤ ውዳሴ ማርያም በጨለማ ይደገማል። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያዳምጣሉ። ከወዲያ ጥግ አንዱ ሲጣደፍ ማንነቱን በድምፁ ያውቁታል።

«ተመለስ፣ የኔ ልጅ።»